ከአሜሪካ የቀረ፣ ከዱባይ የመጣ፦ በመንገደኛ የታዘዘ የአንድ ሚክሰር የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ለነዋሪዋ እንግዳ ነገር አይደለም። ጅቡቲ ወይም ዱባይ የሚሄድ ጎረቤት ካለ፣ ሻንጣውን ሳይዘጋ “ይህን አምጣልኝ” የሚለው ዝርዝር ይደርሰዋል። አሁን የተጨመረው ሌላ ነው። ዕቃው በማያውቁት ሰው ሻንጣ፣ በክፍያ፣ በስልክ በተደረገ ስምምነት ይመጣል።

ይህ ጽሑፍ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ስለታዘዘ አንድ የኬክ ሚክሰር ነው። ሁለት ጊዜ ታዟል። የመጀመሪያው ከአሜሪካ ሳይነሳ ቀረ። ሁለተኛው ከዱባይ መጣ፤ ነገር ግን ድሬ እስኪገባ ሰው አነታርኳል። ማንም ማንንም አላጭበረበረም። ጉዳዩን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ስለ አጭበርባሪ ብዙ ይወራል። ሁሉም ታማኝ ሆኖ ሳለ ነገሩ የሚበላሽበት መንገድ ግን ብዙም አይጻፍም።

ከአዛዧ፣ ከሁለተኛዋ መንገደኛና ገንዘቡን በአደራ ከያዙት ነጋዴ ጋር ተነጋግሬአለሁ። የተጻጻፉትንና ደረሰኞቹን አሳይተውኛል። ስም አልጠቅስም።

## ሴትዮዋና ሥራዋ

አዛዧ ሳቢያን በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር በቤቷ ኬክ ትሠራለች። ሱቅ የላትም። ደንበኛ በቴሌግራምና በሰው በሰው ይመጣላታል። ልደት አለ፣ ምርቃት አለ፣ ክርስትና አለ፣ ኒካህ አለ። ዋናው ገቢዋ ግን ሰርግ ነው።

የድሬ ሙቀት ከክሬም ጋር አይስማማም። ስለዚህ ክሬም የምትመታው ሌሊት፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። የምትሠራበት ደግሞ የእጅ ሚክሰር ነበር። የእጅ ሚክሰር ለአንድ ለሁለት ኬክ ይሆናል። ለሰርግ ኬክ ረጅም ሰዓት ሲያዝ መጀመሪያ ይግላል፣ ቀጥሎ ይሸታል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ግንቦት ላይ በእጇ የነበረው ለትልቅ ትእዛዝ ስትሠራ ተቃጠለ። ከጎረቤት ተውሳ ሌሊቱን አለፈችው።

የፈለገችው ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ ገላው ብረት የሆነ፣ ከራሱ ጎድጓዳ ሳህን ጋር የሚመጣ ሚክሰር ነው። አሸዋ ገበያ ዞራ አየች። ያገኘችው ወይ የዳቦ ቤት ትልቅ ማሽን ነው፣ ወይ መልኩ ከታዋቂው ሚክሰር ጋር ቁርጥ ሆኖ ውስጡ የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ነው። የፕላስቲኩን ጥርስ አስከፍታ አይታ ተወችው። አዲስ አበባ አስጠየቀች፤ ኦሪጅናሉ አለ፣ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቷ ልጅ ናት “መንገደኛ የሚያገናኝ አፕ አለ” ያለቻት።

## አገልግሎቱ እንዴት ይሠራል

እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች በዓለም ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ግራብርና ፒጊቢ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። እንደ አርጀንቲና ባሉ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው በሚንርባቸው አገሮች ብዙ ተጠቃሚ አግኝተዋል። የእኛም ምክንያት ከዚያ አይርቅም።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። አዛዡ የሚፈልገውን ዕቃ ሊንክ ያስቀምጣል። ወደዚያ ከተማ የሚሄድ መንገደኛ “ይህን ያህል ከከፈልከኝ አመጣለሁ” ይላል። ከተስማሙ አዛዡ የዕቃውን ዋጋና የመንገደኛውን ክፍያ ለአፑ ይከፍላል። አፑ ገንዘቡን ይይዛል። መንገደኛው ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፣ ያመጣል፣ በአካል ያስረክባል። አዛዡ “ደርሶኛል” ሲል ገንዘቡ ለመንገደኛው ይለቀቃል።

የእኛ አገር ተጠቃሚ ገና በሩ ላይ የሚገጥመው ችግር ክፍያው ነው። የኬክ ጋጋሪዋ የባንክ ካርድም ቴሌብርም አፑ ላይ አይሠራም። ስለዚህ አዛዡ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውጭ ያለ ዘመድ ይሆናል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በኋላ እንደሚታየው ትንሽ አይደለም።

አገር ቤት የበቀለ ሌላ ዓይነትም አለ። በቴሌግራም ግሩፕ ከዲሲ፣ ከዱባይ ወይም ከጓንጁ የሚመጣ ሰው “ኪሎ አለኝ”፣ ማለትም ሻንጣዬ ላይ ትርፍ ቦታ አለኝ፣ ብሎ ይለጥፋል። በኪሎ ይስማማሉ። ገንዘብ የሚይዝ መሀል ሰው የለም። ሁሉም በመተማመን ነው።

## የመጀመሪያው ሙከራ፦ መንገዱ ልክ፣ ዕቃው ስህተት

ሰኔ መጨረሻ ላይ የአክስቷ ልጅ በራሷ ስም አፑ ላይ አዘዘች። ማሽኑ 350 ዶላር ገደማ ነው። አንድ መንገደኛ በ60 ዶላር ላምጣ አለ። ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣ ሰው ነው።

ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። የሐምሌ 19 የቁልቢ ንግሥ ሲደርስ ከውጭ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ከአዲስ አበባም በአውሮፕላን ወደ ድሬ ይቀጥላል። ቁልቢ ከድሬዳዋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ መንገደኛው የሚያድረው እዚሁ ድሬ ነበር። “ከቦሌ ማን ያምጣው?” የሚለው ጥያቄ አልነበረም።

መንገደኛው ዕቃውን ገዛ። ካርቶኑ 12 ኪሎ ገደማ መዘነ። አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀድለት፤ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ካርቶኑ ቦታ ስለያዘበት ከፍቶ ሊያሽገው አሰበ። ማሽኑን ሲገለብጠው ሥሩ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አየ። “120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ” ትላለች። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ፎቶ አንስቶ አፑ ላይ ላከ፤ “ይህ እዚያ ይሠራል?” ብሎም ጠየቀ።

መልስ ወዲያው አልመጣም። መልእክቱ የደረሰው ለአክስት ልጅ ነው፤ አካውንቱ የእሷ ነውና። እሷ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ናት። ኬክ ጋጋሪዋ ደግሞ ቻቱ ውስጥ የለችም። በክረምት በቨርጂኒያና በድሬ መካከል የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ። አንዷ ስትነቃ አንዷ ትተኛለች። ፎቶው ሳቢያን ሲደርስ ለመንገደኛው በረራ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር።

ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር የሚሠራ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተጠየቀ። መልሱ ሐቀኛ ነበር። 220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢገዛ ማሽኑ ይሠራል። ትራንስፎርመሩ ግን ማሽኑ ከሚፈልገው ዋት እጥፍ ገደማ የሚችል ቢሆን ይመረጣል፤ ሞተር ሲነሳ ብዙ ይስባልና። ቮልቱ ቢስተካከልም ኸርዙ አይቀየርም። መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ጣጣው የሁለት ዕቃ ይሆናል። “አንድ ቀን አንዱ ሰው ረስቶ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል፤ ያን ቀን አበቃ” አላት።

ቤቷ ውስጥ ሦስት ልጆችና አንዲት ረዳት አሉ። “አቦ ተዉት” አለች።

መንገደኛው ካርቶኑንና ደረሰኙን ይዞ ወደ ሱቁ መለሰው። የመመለሻው ጊዜ ስላላለፈ ገንዘቡን ሙሉ ተቀበለ። አፑም ትእዛዙ ሲሰረዝ ከአገልግሎት ክፍያው በስተቀር የአክስቷን ልጅ ገንዘብ መለሰ። መንገደኛው ለቁልቢ መጣ፣ ተሳለመ፣ ተመለሰ። የማሽኑን ቦታ ለዘመድ በሚሆን ጫማና ሳሙና ሞልቶት ነበር። ኬክ ጋጋሪዋ ዛሬም ታመሰግነዋለች። ዝም ብሎ አምጥቶ ቢያስረክባት 60 ዶላሩን ይቀበል ነበር፤ የታዘዘው ዕቃ እሱው ነውና።

## ሁለተኛው ሙከራ፦ ዕቃው ልክ፣ ስምምነቱ ጎዶሎ

ዱባይ መብራቱ 220 እና ከዚያ በላይ ቮልት ነው፤ 50 ኸርዝ። ለእኛ ይስማማል። መሰኪያው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ አዳፕተር አሸዋ ገበያ ሞልቷል። ስለዚህ ፍለጋው ወደ ዱባይ ዞረ።

በቴሌግራም አንዲት ነጋዴ ተገኘች። አዲስ አበባ ትኖራለች። ልብስ ለማምጣት ወደ ዱባይ ትመላለሳለች። “ኪሎ አለኝ” ብላ ለጥፋለች። አይተዋወቁም። ነገር ግን ሁለቱም መጋላ በሚባለው የድሬ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂን ያውቃሉ። ነጋዴዋ ለዓመታት ተገበያይታቸዋለች። ለኬክ ጋጋሪዋ ደግሞ የአባቷ ወዳጅ ናቸው። ገንዘቡ እሳቸው ዘንድ አማና (አደራ) ይቀመጥ ተባለ። የማሽኑ ዋጋና የኪሎው ክፍያ ተደምሮ በብር ተሰጣቸው። ሐጂ ያስቀመጡት አንድ ደንብ ብቻ ነው፦ “ተከፍቶ፣ ተሰክቶ፣ ሲዞር ካየሁት በኋላ እከፍላለሁ።”

ይህ የሆነው ከቁልቢ ንግሥ ማግስት ነው። ሦስት ነገር አልተነሳም። ቀረጥ ቢጠየቅ ማን ይከፍላል? ማስረከቢያው አዲስ አበባ ነው ወይስ ድሬ? ብሩ ዋጋው ቢቀየርስ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። ነጋዴዋ ዱባይ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው።

ዴራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ማሽኑን ገዛች። እዚያው ሱቅ ካርቶኑ ተከፍቶ ሲሰካና ሲዞር በስልኳ ቀረጸች። ቪዲዮው ላይ የሥሩ ጽሑፍ በግልጽ ይነበባል። ኬክ ጋጋሪዋ ከመጀመሪያው ሙከራ ተምራ አጥብቃ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነበር።

ቦሌ ላይ ጉምሩክ ካርቶኑን ጠየቀ። አዲስ ነው፣ የታሸገ ነው፣ ሴትዮዋም ተመላላሽ ናት። “ለራሴ መጠቀሚያ ነው” ማለት አልፈለገችም፤ አይደለምና። ተተመነ፣ ከፈለች፣ ደረሰኝ ያዘች። ከዚያ ደወለች።

“እህቴ፣ ዕቃሽ ገብቷል። ቀረጥ ከፍያለሁ፤ ዶላሩም ጨምሯል። ልዩነቱን ጨምረሽ ሐጂ ጋ አስቀምጪልኝ፤ ከዚያ ሰው ልከሽ ትወስጃለሽ።”

“ሰው ልከሽ ማለት? ድሬ አይደል የምታመጪልኝ?”

“ድሬ ምን ልሠራ እመጣለሁ? እኔ የቦሌ ሰው ነኝ።”

ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንዷ “ድሬዳዋ ነኝ” ስትል ድሬ የምትረከብ መስሏታል። ሌላዋ “ከዱባይ አመጣለሁ” ስትል አዲስ አበባ ማለቷ ነው። የጻፉትን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ማሽኑ ቀለም ረጅም ንግግር አለ። ስለ ማስረከቢያ ቦታ አንድ ቃል የለም።

## ሐጂ ሱቅ ውስጥ የሆነው

ስልኩ ላውድ ላይ ተደርጎ ጨርቅ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሻይ መጣ። ሐጂ ሁለቱንም እስከ መጨረሻ ሰሙ። ከዚያ የዶላሩን ነገር አስቀደሙ።

“ልጄ፣ ስንስማማ ድርሃሙን በስንት ነው ያሰብሽው? በባንክ ነው ወይስ በውጭ?”

ዝም አለች። የተስማሙት በውጭው ዋጋ ነበር። በዚያ ወቅት ከባንክ ውጭ ያለው ዋጋ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ነበር። ሕጋዊ ባይሆንም የዱባይ ዕቃ የሚተመነው በዚያ ነበር። ሐምሌ 22 የባንኩን ዋጋ ወደ ውጭው ነው ያስጠጋው። የነጋዴዋ የመግዣ ወጪ በዜናው ልክ አልናረም። ድርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ። ስለዚህ “ድርሃሙ ለብቻው ጨመረ” የሚባል ነገርም የለም።

እዚህ ላይ ሐጂን አደንቃቸዋለሁ። ያንን ሰሞን ከተማው በሙሉ “ዶላር እጥፍ ሆነ” ይል ነበር። እሳቸው የጠየቁት የየትኛው ዶላር ዋጋ እጥፍ እንደሆነ ነው። ይህን ጥያቄ የትኛውም አፕ አይጠይቅም።

የቀረጡ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ጉምሩክ የሚያሰላው በባንክ ምንዛሪ ነው። የባንኩ ምንዛሪ ሲንር በብር የሚከፈለው ቀረጥ አብሮት ይንራል። ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ከሳምንታት በፊት ቢሆን ኖሮ ከሚሆነው በጣም ይበልጣል። የምንዛሪው ለውጥ በእርግጥ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴዋም ከኪሷ ከፍላለች።

የተወሰነው ይህ ነው። ቀረጡን ኬክ ጋጋሪዋ ሙሉውን ትከፍላለች፤ ዕቃው የእሷ ነው፣ ራሷ ብታመጣውም መክፈሏ አይቀርም ነበር። የዶላር ጭማሪው ጥያቄ ውድቅ ነው። ማሽኑ በአውቶቡስ ይላካል፣ የመላኪያውን እኩል ይካፈላሉ። የኪሎው ክፍያ እንደነበረ ይቆያል። ነጋዴዋ በዶላሩ ነገር ትንሽ አጉረመረመች። ደረሰኙን ፎቶ አንስታ ላከች። ነገሩ አለቀ።

## ከአዲስ አበባ እስከ ሳቢያን

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዱባይ በአውሮፕላን ያለ ጭረት የመጣው ማሽን የተጎዳው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ነጋዴዋ ስታሽገው በቪዲዮ ቀርጻለች። ካርቶኑ ደህና ነበር። አውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ምን እንደተጫነበት ግን ማንም አያውቅም። ድሬ ሲወርድ የካርቶኑ አንድ ማዕዘን ገብቷል።

ማሽኑ ሐጂ ሱቅ ውስጥ ተከፈተ፣ ተሰካ፣ ዞረ። ድምፁ ግን ክሽ ክሽ ይላል። ጎድጓዳ ሳህኑ ሥሩ ጋ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። የሽቦ መምቻው በዞረ ቁጥር ያችን ጉብታ ይነካታል። ቤት ወስዳ ክሬም ብትመታ ነጩ ክሬም ላይ ግራጫ መስመር ታየ። እንዲህ ያለ ክሬም ለደንበኛ አይሰጥም።

ቀፊራ ገበያ አካባቢ ድስትና ሰታቴ የሚያቃና ቀጥቃጭ አለ። ሳህኑን በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ላይ ደፍቶ፣ ብረት ሳይሆን የእንጨት መዶሻ ይዞ፣ ከውስጥ በኩል ቀስ እያለ መለሰው። ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም። የቀረውን ያስተካከለችው ራሷ ናት። የላይኛው ክፍሉ፣ ማለትም ራሱ፣ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ዓይነት ሚክሰር አንገቱ ላይ አንድ ብሎን አለው። እሱን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ ሲያዞሩት ራሱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ሥሩ ላይ ዱቄት በትና፣ መምቻው ዱቄቱን ጠርጎ ሳህኑን እስከማይነካ ድረስ አስተካከለችው። መመሪያው ላይ በሥዕል አለ።

ሐጂ ገንዘቡን ያን ቀን ለቀቁ። የሳህኑ ጉዳት ከነጋዴዋ ክፍያ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ቪዲዮዋ አዳናት። ጉዳቱን አዛዧ ቻለችው፤ የአውቶቡሱ ሰዎች እንኳን ሊክሱ፣ ዕቃው ምን እንደሆነ አልተመዘገበም ነበር። “አንድ ካርቶን” ይላል ወረቀቱ።

## የሠራውና ያልሠራው

አፑ የገንዘቡን ነገር በደንብ ይዟል። ገንዘብ ተይዞ ነበር፣ ሲሰረዝ ተመለሰ፣ አፑን ማንም መለመን አላስፈለገውም። የደከመው ሰዎቹን በማገናኘት ነው። ከፋይ ሌላ፣ ዕቃውን የሚጠቀም ሌላ ሲሆን ጥያቄው የሚደርሰው መልሱን ለማያውቀው ሰው ነው። ይህ የአፑ ብቻ ጥፋት አይደለም። የእኛ የክፍያ ሁኔታ ያመጣው ነው። አካውንቱ የዘመድ ቢሆንም ዕቃውን የሚጠቀመው ሰው የመንገደኛውን ስልክ ከመጀመሪያው ቀን መያዝ ይችል ነበር።

የሐጂ አማና ደግሞ አፑ የማይችለውን ችሏል። ሰምቶ፣ ጠይቆ፣ ፈርዷል። ግን ሐጂ ለሁሉ አይደርሱም። ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ሰው በዕድል ነው የሚገኘው። ለድካማቸውም ምንም አልወሰዱም። ይህን እንደ አገልግሎት ቆጥሮ በየሳምንቱ ካርቶን ይዞ መጋላ መሄድ አይቻልም። እሳቸውም በሣቅ “ጨርቅ ነው የምሸጠው” ብለውኛል።

በወጪ በኩል ትርፉ ትንሽ ነው። ቀረጡ፣ አውቶቡሱና ቀጥቃጩ ሲደመሩ አዲስ አበባ ከተነገራት ዋጋ ብዙም አይርቅም። ያተረፈችው የምታውቀውን ዕቃ፣ ከነቪዲዮውና ከነደረሰኙ ማግኘቷን ነው። መስከረም ላይ የመጀመሪያውን የሰርግ ኬክ ሠርታበታለች።

## ለሌላው የሚሆነው

ከሊንኩ በፊት ዕቃው ላይ የተለጠፈችውን የቮልት ጽሑፍ ማየት ይገባል። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ “100–240 ቮልት” ይላል፤ ከየትም ቢመጣ ይሠራል። ሞተር ወይም ማሞቂያ ያለው ዕቃ ግን ሌላ ነው። ሚክሰር፣ ብሌንደር፣ የፀጉር ማድረቂያና ካውያ ከአሜሪካ ሲታዘዝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቮልቱ ነው። መንገደኛው ዕቃውን ከበረራው በፊት ቀደም ብሎ ቢገዛ ይመረጣል፤ የመመለሻ ጊዜ ይኖረዋልና። የመጀመሪያውን ሙከራ ከኪሳራ ያዳነው ይኸው ነው።

ቀረጥ “ካለ እናያለን” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ማን እንደሚከፍል፣ እስከ ስንት ብር እንደሚችል፣ ከዚያ ካለፈ መንገደኛው ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ መጻፍ አለበት። የሚመለሰውም በደረሰኝ ልክ ብቻ ነው። “ለራሴ ነው ብለሽ አሳልፊው” ብሎ ማዘዝ ነውር ነው። አደጋውን ሙሉ በሙሉ ለማያውቁት ሰው ማሸከም ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ለምንኖር ሰዎች ከቦሌ በኋላ ያለው መንገድ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ድሬዳዋ የሚያድር መንገደኛ ከተገኘ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ በቁልቢ ሰሞን፣ እንዲህ ያለ ሰው በብዛት ይገኛል። በአውቶቡስ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የዕቃው ዓይነትና ዋጋ ይጻፍ። ሳህንን የመሰለ የሚጎዳ ክፍል ውስጡ በጨርቅ ይሞላ።

መንገደኛ ለሚሆን ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ራስህ ያልገዛኸውን፣ ወይም ከፍተህ ያላየኸውን የታሸገ ካርቶን አትያዝ። አፖቹ መንገደኛው ራሱ እንዲገዛ የሚያደርጉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በቴሌግራሙ የኪሎ ንግድ ግን ታሽጎ የሚሰጥ ዕቃ ብዙ ነው። ውስጡ ለተገኘው ነገር በመጀመሪያ የሚጠየቀው የያዘው ሰው ነው።

ጨርሶ ባይታዘዙ የሚሻሉም አሉ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባት አይቻልም። መድኃኒት ያለ ሐኪም ወረቀት በሰው ማስያዝ ለአዛዡም ለያዡም ጣጣ ነው። ፓወር ባንክ የሚታዘዝ ከሆነ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚያዘውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል።

ኬክ ጋጋሪዋ አሁንም በመንገደኛ ታዝዛለች፤ ትንንሽ ነገር ብቻ። የክሬም አፍንጫ፣ ቅርጽ ማውጫ፣ የምግብ ቀለም። ለመንገደኛ የምትልከውን መልእክት አሳይታኛለች፦ “ሰላም። ዕቃው ከአንድ ኪሎ አይበልጥም። ስትገዪው ከፍተሽ ቪዲዮ ላኪልኝ። ማስረከቢያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ። አዲስ አበባ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ ክፍያው ሌላ ነው። ቀረጥ ከተጠየቅሽ በደረሰኝ እስከ ዋጋው ሩብ ድረስ እኔ እከፍላለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ሳትከፍዪ ደውዪልኝ። ዋጋው በብር የተቆረጠው በዛሬው ቀን ነው።” ከሥሩ ቀኑን ትጽፋለች።